«ኖር» ያልኩበት አውቶቡስ

እኔ ባጃጅ ውስጥ ለሰው የተነሣሁ ሰው ነኝ። አትሳቁ። እዚሁ ቦንጋ፣ ከገበያ ወደ ላይ ስንወጣ አንዲት እናት ጀሪካን ማር ይዘው ሊገቡ ሲሉ «ኖር!» ብዬ ብድግ አልኩና የባጃጇን ጣራ በአናቴ ገጨሁት። ሹፌሩ ዞር ብሎ «መምህር፣ ባጃጇ የሰው ናት፤ ጣራዋን ይዘውብኝ እንዳይሄዱ» አለኝ። እናትየዋ ግን «በእግዜር ልጄ፣ አትነሣ» ብለው መረቁኝ። ከዚያ በኋላ ሦስት ቀን ሙሉ አናቴን እያሻሸሁ ክፍል ስገባ ተማሪዎቼ መምህሩ ማሰብ ጀመረ ብለው ተጨነቁ።

እንዲህ አድርጋ ያበላሸችኝ እትዬ ናት። ታላቅ እህቴ ናት። እናታችን ስትሞት እኔ ገና የወተት ጥርሴን አልጣልኩም ነበር፤ እናትም አባትም ሆና ያሳደገችኝ እሷ ናት። ከሺሺንዳና ከዋጫ ገበያ ኮረሪማ እየሰበሰበች ቦንጋ ትሸጥ ነበር። ፊደል አልቆጠረችም፤ ሕግ ግን ነበራት። ሕጓም አንድ ብቻ ነው፦ ሰው ሲገባ ተነሣ። ድሃ ይሁን ሹም፣ ሊጠይቅህ ይምጣ ሊከስህ፣ አንተ ተነሣ። ልጅ ሆኜ «እትዬ፣ ከተነሣሁ እኮ ወንበሬን ይወስዱብኛል» ስላት «ወንበር እግር አለው እንጂ የትም አይሄድም» ትለኝ ነበር። ይቺን አባባል ከማን እንደሰማቻት አላውቅም። ከራሷ ያመጣቻት ይመስለኛል።

«ኖር»ን የማያውቅ ወጣት ይህን ቢያነብ ብዬ ላስረዳ። ሰው ሲገባ ከመቀመጫህ ብድግ ትልና፣ ጉልበትህ እምቢ ቢል እንኳ ከፍ ትልና፣ «ኖር!» ትላለህ። ገቢው «በእግዜር! አትነሡ» ይላል፤ ትቀመጣለህ። አለቀ። ቃሏን ለብቻዋ አውጥተህ ብታያት «ኑር» ከማለት ብዙም አትርቅም። እኔ ይቺን ቃል ያላልኩበት ቦታ የለም። አንድ ጊዜ ግምገማ ላይ፣ ሊገመግመኝ የመጣው ኃላፊ አርፍዶ ሲገባ «ኖር!» ብዬ ተነሣሁ። «አድርባይነት ይታይበታል» ተብሎ ቃለ ጉባኤ ላይ ሰፈረብኝ። እትዬ ስትሰማ «አንተስ ደግ አደረግህ፤ የጻፈው ሰውዬ አሳዳጊ የለውም» አለች።

እንግዲህ እትዬ ታመመች። መጀመሪያ ጨጓራ ነው ተባለ፤ እኛ ጋ ሁሉም ነገር መጀመሪያ ጨጓራ ነው። ከቦንጋ ሪፈር ወደ ጅማ፣ ከጅማ ሪፈር ወደ አዲስ አበባ ተጻፈላት። ሆዷ ውስጥ እጢ አለ፣ ቶሎ ይውጣ አሉ። ክፍሌ የሚባል የአጎታችን ልጅ አዲስ አበባ ግንባታ ላይ ይሠራል፤ እሱ ተቀብሎ አስተኛት። እኔ የተማሪዎቼን ውጤት አስረክቤ በሳምንቱ ልከተላት ሆነ። የሥራ ባልደረቦቼ፣ አምስቱም የአንድ ለአምስት ቡድኔ አባላት፣ መንገድ ላይ እንዳልቸገር መከሩኝ። አምስቱም የመከሩኝ ስለ ኪስ ሌባ ነው። ስለ ወንበር የመከረኝ የለም።

ሆስፒታሉን ስሙን አልጠራም፤ ምንም አላጠፋምና። ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ሰኞ ከሰዓት ከክፍሌ ጋር ስንገባ ስድስት አልጋ ያለበት የሴቶች ክፍል ነው። የእትዬ አልጋ በመስኮቱ በኩል ነበር። ከስታለች። አንገቷ ቀጥኗል፤ ዓይኗ ብቻ ነው የድሮው። ገና በሩ ላይ እንዳየችን በአንድ እጇ ሆዷን፣ በአንድ እጇ የአልጋውን ብረት ይዛ ከፍ አለችና «ኖር!» አለች።

«በእግዜር እትዬ! በእግዜር! ተይ ተኚ!» እያልኩ ሮጥኩ።

አጠገቧ የተኙት አሮጊት፣ እማማ ብርቄ የሚባሉ፣ እግራቸው ተሰብሮ ክራንች አልጋቸው ላይ ተደግፏል። ሳቁ። «ይቺ እህትህ ልታብድ ነው! ሐኪም ሲገባ ኖር፣ ጽዳቷ ስትገባ ኖር! በሽተኛ ለንጉሥም አይነሣ ብንላት አትሰማም። እኛ እንኳ አንነሣም፤ እግዜር ይፈርድልናል።»

ሌሎቹም ሳቁ። እትዬ አፈረች እንጂ አልተቀየረችም። ቆይታ ነርሷ መጣችና ወደ እኔ ዞራ በደንብ አስረዳችኝ፦ ኦፕራሲዮኑ ነገ ነው፤ የቅርብ ቤተሰብ በዕለቱ ጠዋት መጥቶ ሐኪሙ ፊት ይፈርማል፤ ከጠዋቱ አራት ሰዓት በፊት ፈራሚ ካልተገኘ ተራዋ ለሚቀጥለው ታማሚ ይሰጣል። «የሥጋ ወንድሟ አንተ ነህ አይደል?» አለች። ነኝ አልኩ። «አራት ሰዓት» አለች። አራት ሰዓት አልኩ።

እትዬ እንድትናገር እንኳ አልጠበቅኳትም፤ «በሁለት ሰዓት እዚህ ነኝ» አልኳት። «እንዳትቀር አልልህም» አለች፤ «ቀርተህ አታውቅም።» ስልኳ ባትሪው ሞቶ ስለነበር ቻርጅ አድርጌ ላመጣላት ኪሴ ከተትኩት። ይቺን ስልክ አስታውሱልኝ።

እዚህ ጋ ስለ እኛ አገር መኪና አንድ ነገር ልበል። ቦንጋ ውስጥ መኪና ቁጥር የለውም፤ ስም ነው ያለው። የጋሽ አዴሎ መኪና ይባላል፣ የጋሽ አዴሎ መኪና ነው። ሞልቶ ሊነሣ ሲል «ጋሽ አዴሎ፣ ባለቤቴን ሳልሰናበት» ብትላቸው ሞተር አጥፍተው ይጠብቁሃል። ወዴት እንደምትሄድ ከአንተ ቀድመው ያውቃሉ። አንድ ጊዜ ተኝቼ ሳልፍ ቀስቅሰው፣ «ቤትህ አልፎሃል» ብለው ተቆጥተው፣ መኪናውን ወደ ኋላ መልሰው አውርደውኛል። ተሳፋሪውም «ይመልሱት እንጂ» ነው ያለው። እኔ አውቶቡስ ማለት ይህ ነው ብዬ ነው የኖርኩት።

ማክሰኞ ክፍሌ ተረኛ ስለነበር ገና ጎሕ ሲቀድ ወጣ። ከመውጣቱ በፊት እንደ ሕፃን አስጠናኝ። ታክሲ ሁለት ቦታ ያቀያይርሃል፤ አውቶቡሱ ግን ቀጥታ ሆስፒታሉ በር ላይ ይጥልሃል፤ በወራጁ በር አጠገብ ተቀመጥ፤ ስድስተኛው ፌርማታ ላይ ውረድ። «ደግሞ አንተ ምን አለብህ፣ የጂኦግራፊ መምህር አይደለህ!» አለ። እውነት ነው፤ ለአሥራ ሁለት ዓመት ካርታ ንባብ አስተምሬያለሁ። ኩራት አይሉት ጅልነት፣ ደረቴን ነፍቼ ወጣሁ።

አንድ ሰዓት ላይ ፌርማታው ደርሼ ተሰለፍኩ። ሰልፉ በጣም ደስ የሚል ሰልፍ ነበር፤ አውቶቡሱ እስኪመጣ ድረስ። ሲመጣ ሰልፉ ፈረሰ። እኔ «ቅድሚያ ለእርስዎ» የምላቸው ሰዎች ሁሉ ቅድሚያቸውን ወስደው ገቡና፣ ሁለተኛው አውቶቡስ ሲመጣ ተገፍቼ ገባሁ። ገብቼም ወግ ነውና «እንደምን አደራችሁ» አልኩ። ማንም አልመለሰም። አንዱ ብቻ ከኋላው ማን እንዳለ ዞሮ አየ።

እግዜር ሲረዳህ፣ ወራጁ በር አጠገብ ወንበር አገኘሁ። ተቀመጥኩ። ሰዓቴን አየሁ፤ አንድ ሰዓት ከሠላሳ አምስት። እትዬን አሰብኩ፤ ደረስኩልሽ አልኩ በሆዴ። ሁለተኛው ፌርማታ ላይ ግን ከዘራ የያዙ ሽማግሌ ገቡ።

በሉ እንግዲህ ፍረዱኝ። ምን ላድርግ? ጉልበቴ እኮ ራሱ ነው የተነሣው፤ እኔን አላማከረኝም። «ኖር!» ብዬ ብድግ አልኩ። ሽማግሌው ከዘራቸውን አሰናድተው ሊቀመጡ ዞር እስኪሉ ጆሮው ላይ ሽቦ የሰካ ጎረምሳ ሾልኮ ተቀመጠና ዓይኑን ጨፈነ። ያን ጊዜ እትዬን ታዘብኳት። አዲስ አበባ ላይ ወንበር እግር ብቻ ሳይሆን ሩጫም አለው።

ይህ ብቻ ቢሆን ደግ። ከመሐል አንድ ድምፅ «አቤት!» አለ።

ዞር ስል ነጭ ኮፍያ ያደረጉ፣ ሰፊ ፊት ያላቸው ሰው ናቸው። «ማን ነው የጠራኝ?» አሉ።

«ማንም አልጠራዎትም አባቴ፤ ኖር ነው ያልኩት።»

«እኮ! ኑር እኔ ነኝ!»

አውቶቡሱ በሳቅ ፈነዳ። እሳቸው አልሳቁም፤ ደስ ነው ያላቸው። «ና፣ ና ወዲህ! ከየት ነው የምታውቀኝ?» ብለው አጠገባቸው የነበረውን በክርናቸው ገፋ አድርገው ቦታ አበጁልኝ። ታላቅ ሰው ሲጠራህ አትሄድም? ሄድኩ። ከወራጁ በር የራቅኩት ያን ጊዜ ነው።

«ይቅርታ አባቴ፣ አላውቅዎትም። እኔ ከቦንጋ ነኝ።»

«ከቦንጋ! ይኸው! ጅማ ስነግድ የቦንጋ ማር የሚያመጣልኝ ሰው ነበር። አንተ ልጁ ነህ! ግንባርህ እሱን!»

አይደለሁም ብዬ ማልኩ። ታዲያ የማን ልጅ ነህ አሉ። ነገርኳቸው። እሱንም ያውቁታል። አባቴ ማር ነግዶ አያውቅም፤ እሳቸው ግን አንድ ጊዜ የተበላሸ ማር ሸጦልኝ በሦስተኛው ቀን ራሱ መጥቶ ለወጠልኝ አሉ። እንዴት ያለ ደግ ሰው ነበር አሉ። የሞተ አባቴን እንዲህ ሲያመሰግኑልኝ ንግግራቸውን ልቁረጥ? እንዲያውም እንባዬ መጣ። የማላውቀውን አባቴን የማያውቁት ሰው እያመሰገኑልኝ እኔ አለቅስ ነበር።

መሐል ላይ ግን ፌርማታ መቁጠር ነበረብኝ። መቁጠሩስ እንዴት ይሆናል? ያን ጊዜ ከተማዋ ለባቡር ትቆፈር ነበር፤ አውቶቡሱ አሥር ሜትር ሄዶ ይቆማል። ፌርማታ ማለት መኪና የቆመበት ነው ወይስ ሰው የወረደበት? በመንገድ መዘጋጋት የቆመበት ቦታ ተስፋ የቆረጡ ሰዎች ደግሞ ይወርዳሉ፤ ያስ ይቆጠራል? ጋሽ ኑርን እሰማለሁ፣ በጣቴ እቆጥራለሁ። ደግሞ ሕፃን ያዘለች ሴት መጣች፤ ጋሽ ኑር ያበጁልኝን ቦታ ለቀቅኩላት። ወደ ኋላ ሄድኩ። አንድ ደግ ሰው ሲወርድ ቦታውን ሰጠኝ፤ ነፍሰ ጡር መጣች። ተነሣሁ። ሌላ ቦታ ሳገኝ አንዲት እናት ደግሞ የታሰረ ዶሮ ይዘው መጡ፤ እሳቸው ተቀመጡ፣ ዶሮውን እኔ ያዝኩ። በተነሣሁ ቁጥር አንድ እርምጃ ወደ ኋላ እሄዳለሁ። በመጨረሻ የኋላው መስታወት ላይ ተጣበቅኩ። የሕዝብ ጥግግት የሚለውን ምዕራፍ ለስንት ዓመት አስተምሬዋለሁ፤ ምን ማለት እንደሆነ የገባኝ ያን ዕለት ነው።

ሰዓቴን አየሁ፤ ሁለት ከሃምሳ።

ቀና ስል በመስኮቱ ሆስፒታሉ ታየኝ! በሩ፣ ጥበቃው፣ ብርቱካን ሻጯ። «ወራጅ አለ!» አልኩ። አልኩ ልበል እንጂ ድምፄን የሰማው ዶሮው ብቻ ነው። ሰው መካከል መጮኽ ነውር ነው ተብዬ ነው ያደግኩት። «ይቅርታ፣ ይለፉኝ፤ ይቅርታ እናቴ፣ ዶሮዎን፤ ይቅርታ አባቴ፣ እግርዎን ረገጥኩ» እያልኩ፣ አንዱን ሰው በአንድ ይቅርታ እየከፈትኩ ግማሽ መንገድ ስደርስ በሩ ተዘጋ። አውቶቡሱ ሄደ። ጋሽ ኑር ከሕዝቡ መሐል «የአባትህ ልጅ! ሰላም በልልኝ!» እያሉ እጃቸውን አወዛወዙልኝ። የሞተውን ሰው።

«ሹፌር፣ እባክዎ ወደ ኋላ ይመልሱት፤ አልፎኝ ነው» አልኩ። ይህንን እውነቴን ነው ያልኩት። አውቶቡሱ ውስጥ ያለው ሕዝብ እንደገና ሳቀ። ትኬት ቆራጩ «ወንድም፣ ይሄ ያንተ አህያ መሰለህ?» አለኝ። እኔም በልቤ ጋሽ አዴሎን ጠራኋቸው።

የሚቀጥለው ፌርማታ ለቁፋሮው ሲባል ተነሥቷል፤ የዚያ ቀጣዩ ደግሞ የመጨረሻው ነው። ጥሩ፣ መጨረሻው ላይ እወርዳለሁ፣ ወደ ኋላ እሮጣለሁ አልኩ። መጨረሻው ላይ ደረስን። በሩ ተከፈተ። የሚወርደው ሰው አንድ እግሩን ሳያወጣ የሚሳፈረው ሕዝብ ወንበር ሊይዝ ገባ። «ይውረዱ እንጂ መጀመሪያ!» ይላል አንዱ፣ እየገባ። እኔ በሩ ላይ አንድ አረጋዊ አባት ሊገቡ ሲታገሉ አየሁና... አዎ፣ እጃቸውን ይዤ ሳብኳቸው። እሳቸው ገቡ፤ ከኋላቸው ሠላሳ ሰው ገባ፤ እኔ በሠላሳው ተገፍቼ ወደ ኋላው መስታወት ተመለስኩ። አውቶቡሱ ዞረ። በመጣሁበት ልመለስ ነው።

ያን ጊዜ ጮኽኩ። ነውሬን ጣልኩት። «ወራጅ አለ! እህቴ ልትሞት ነው! ወራጅ አለ!» አልኩ። እትዬ ሰምታኝ ቢሆን ታፍርብኝ ነበር። መንገድ ተከፈተልኝ። ሰው እኮ ክፉ አይደለም፤ ካልጮኽክ አይሰማም እንጂ። ወረድኩ።

የወረድኩት በየትኛው ወገን መሰላችሁ? በማዶ። በእኔና በሆስፒታሉ መካከል የባቡሩ ጉድጓድ ተቆፍሯል፤ ሁለት ሰው ቁመት ይሆናል፤ በቆርቆሮ ታጥሯል። በቆርቆሮው ቀዳዳ የእትዬ ክፍል ያለበት ፎቅ ይታየኛል። መስኮቷን ቆጠርኩ። ሦስተኛው። ሦስት ሰዓት ከሩብ ነበር። ኪሴ ውስጥ ሁለት ስልክ አለ፤ የእኔና የእሷ፤ ሁለቱም ሙሉ ቻርጅ። ማን ጋ ልደውል? እሷ ጋ ብደውል ኪሴ ውስጥ ነው የሚጮኸው። ለክፍሌ ደወልኩ፤ ፎቅ ላይ ብረት ሲያሥር አያነሣም። የሆስፒታሉን ቁጥር አልያዝኩም። የካርታ ንባብ መምህሩ መሻገሪያው ከየትኛው ወገን እንደሆነ አንዱን ሠራተኛ ጠየቅኩት። ወደ ግራ አመለከተኝ። ግማሽ ሰዓት ሮጥኩ። መሻገሪያው በቀኝ ነበር፤ በግራ ያለው ትናንት ፈርሷል። ተመልሼ ሮጥኩ።

ሆስፒታሉ ስደርስ አራት ሰዓት ከሃያ ነው። ደረጃውን በጉልበቴ ይሁን በእጄ እንዴት እንደወጣሁት አላውቅም። ነርሷ ኮሪደሩ ላይ አገኘችኝ። አልተቆጣችኝም፤ ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። «ምነው ወንድሜ» ነው ያለችው፤ «እስከ አራት ከአሥር ድረስ በግሌ አስጠበቅኩልህ። ሌላ ታማሚ ገብታለች። የሚቀጥለው ተራዋ ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው።»

እትዬ አረንጓዴውን የኦፕራሲዮን ልብስ እንደለበሰች፣ ፀጉሯ በሻሽ ታስሮ፣ አልጋዋ ላይ ተቀምጣ በሩን ስታይ ነበር። እኔን ስታይ ብረቱን ይዛ ከፍ አለች። «ኖር!»

አልመለስኩላትም። አልጋዋ ሥር ተንበርክኬ አለቀስኩ። የአርባ ዓመት ጎልማሳ፣ የሰው ክፍል ውስጥ። እማማ ብርቄ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩልኝ። እትዬ ግን «ምን ሆንክ? መኪና ገጨህ?» ትለኛለች። ሁሉን ነገርኳት። ከሽማግሌው ጀመርኩ፣ ጎረምሳውን፣ ጋሽ ኑርን፣ ዶሮውን። ዶሮው ላይ ስደርስ መሳቅ ጀመረች። ሆዷን ይዛ «ተው፣ ተው፣ ያመኛል» እያለች ሳቀች። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። እኔ እያለቀስኩ አሳቅኳቸው።

ሳቋ ሲበርድላት «ስንት ሰው አስቀመጥህ?» አለችኝ።

«አራት» አልኩ። «ሽማግሌውን ከቆጠርሽ። እሳቸው እንኳ አልተቀመጡም።»

«አንተ ተነሥተህላቸዋል። የተነሣ ነው የሚቆጠረው።» እጄን ያዘች። «አራት ሰው አስቀምጠህ ነው እንዲህ የምታለቅሰው? ተራ ይመጣል። ወንበር እግር አለው እንጂ የትም አይሄድም።»

ወንበር አዲስ አበባ ውስጥ እንዴት እንደሚሄድ ልነግራት ነበር። ተውኩት።

ሁለት ሳምንቱን በየቀኑ ተመላለስኩ። በየቀኑ ስገባ ትንሽ ዝቅ ብሎ የሚሰማ «ኖር» አለ፤ መጀመሪያ ከወገቧ ትነሣ ነበር፣ በኋላ ከትከሻዋ፣ በኋላ ከአንገቷ። በየቀኑም «ዛሬስ ስንት አስቀመጥህ?» ትለኛለች። ለሷ መድኃኒቷ እሱ ነበር መሰለኝ። እኔም «ሦስት» እላለሁ፣ «አምስት» እላለሁ፤ ስለ አንዱ ሽማግሌ ከዘራ፣ ስለ አንዷ ሕፃን ቆብ እየፈጠርኩ አወራላታለሁ፤ ትስቃለች። እማማ ብርቄ ጭምር የዛሬውን ለመስማት ትራሳቸውን ከፍ አድርገው ይጠብቁኛል።

ውሸቴን ነው። ከዚያች ማክሰኞ ወዲያ ለአንድም ሰው አልተነሣሁም። አውቶቡስ ተምሬ ነበር እኮ። በክርን እንዴት እንደሚገባ፣ በር አጠገብ ያለው ወንበር እንዴት እንደሚያዝ፣ ሽማግሌ ሲገባ ዓይን የት እንደሚደረግ። ዓይን መስኮት ላይ ነው የሚደረገው። አንድ ሙሉ ከተማ በመስኮት የሚያየው መንገዱ አምሮት እንዳይመስላችሁ።

የተራዋ ቀን ደረሰ። ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ፌርማታው ላይ ነበርኩ። ሰልፉ ሳይፈርስ እኔ አፈረስኩት። በር አጠገብ ተቀመጥኩ። ሁለተኛው ፌርማታ ላይ አንዲት አሮጊት ገቡ፤ እግራቸው በነጠላ ቁራጭ ታስሯል፤ መጥተው እፊቴ ቆሙ፤ ለመደገፊያ የያዙት የእኔን ወንበር ብረት ነበር። ጣታቸው ትከሻዬን ይነካኛል። ጉልበቴ ሊነሣ ሲል በሁለት እጄ ይዤ አስቀመጥኩት። መስኮቱን አየሁ። «ዛሬ ብቻ እትዬ» አልኩ፣ «ዛሬ ብቻ ይቅር በይኝ፤ ከፈረምኩ በኋላ እስክሞት ቆሜ እሄዳለሁ።» አሮጊቷ እስከ ስድስተኛው ፌርማታ ድረስ ቆመው ሄዱ።

ሆስፒታሉ በር ላይ ስወርድ አንድ ሰዓት ከአርባ ነበር። ሁለት ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ይተርፈኛል! ጥበቃው እንኳ «ዛሬስ በጊዜ መጣህ» አለኝ። ደረጃውን ስወጣ የዛሬውን ውሸት አሰናዳሁ። ስድስት ልላት ነው። ትልቅ ቀን ስለሆነ ስድስት። ስድስተኛዋ እግራቸው የታሰረ አሮጊት ናቸው፤ ስነሣላቸው ሆስፒታል ያለችውን እህትህን እግዜር ይማርልህ ብለው መረቁኝ እላታለሁ። ፈገግ ስትል እየታየኝ በሩን ገፋሁት።

እማማ ብርቄ ክራንቻቸውን ተደግፈው በተሰበረ እግራቸው ቆመው ነበር። ማዶ የተኛችው ልጅ ግሉኮሷን በእጇ ይዛ ቆማለች። አምስቱም፣ አልጋ ላይ የቀረ የለም፣ ቆመዋል። በመስኮቱ በኩል ያለው አልጋ በንጹሕ አንሶላ ተነጥፏል።

«ኖር» አሉኝ እማማ ብርቄ። ሌሎቹም ተከትለው፣ ቀስ ብለው፣ «ኖር» አሉኝ።

«በእግዜር» አልኩ። «አትነሡ።» ሌላ ምን ልበል? ያሳደገችኝ እሷ ናት።